የጂን ኬሊ እግር የት ገባ? ከዚራ ውስጥ ዲቪዲ ወደ ፍላሽ ስለሚገለብጥ አንድ ቤት

ለቸኮለ አንባቢ ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። የሠርግ ካሴት ያለው ሰው ሳያመነታ ይሂድ። የዳንስ ፊልም ያለው ሰው ግን ዲስኩን ከማስረከቡ በፊት አንድ ነገር አስጠንቅቆ ይስጥ፤ ምን እንደሆነ እነግራችኋለሁ።

ቤቱ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ፣ ዛፍ ካጠላባቸው መንገዶች በአንዱ፣ ከፎቶ ኮፒ ቤት ጎን ያለች አንዲት ክፍል ናት። ዋና ሥራቸው የድሮ የሠርግና የክርስትና ካሴቶችን ወደ ፍላሽ መገልበጥ ነው። ጠረጴዛው ላይ ክዳናቸው የተነሣ የካሴት ማጫወቻዎች ተደርድረዋል። ወጣቱ ባለሙያ ሻጋታ የያዘውን ቴፕ በአልኮል በነከረው ጥጥ እየጠረገ፣ በጣቱ ቀስ አድርጎ ያጠነጥናል። በዚያ ሙቀት ማራገቢያውን ወደ ግድግዳው አዙሮታል። ወደ ራሱ ቢያዞረው አቧራው ቴፑ ላይ ያርፋል፤ ስለዚህ ላቡ በጆሮ ግንዱ እየወረደ ይሠራል። ይህን ሳይ ልቤ አመነው። የእያንዳንዱን ደንበኛ ፍላሽ በነጭ ፕላስተር ጠቅልሎ ስም ይጽፍበታል፤ በቀጠሮው ቀንም ያስረክባል። የቀጠሮ ቀን የሚያከብር ባለሙያ ማግኘት ምን ያህል ብርቅ እንደሆነ ልብስ አሰፍቶ የሚያውቅ ሁሉ ይረዳኛል።

እኔ የወሰድኩት ሠርግ አይደለም። አመሻሽ ላይ ወጣቶችን ውዝዋዜ አሠለጥናለሁ፤ ዲቪዲ ማጫወቻዬን ደግሞ የመብራት መዋዠቅ አቃጥሎብኛል። የእህቴ ልጅ ከውጭ ያመጣችልኝን የአሜሪካዊውን የፊልም ዳንሰኛ የጂን ኬሊን ፊልሞች ልጆቹ እንዲያዩልኝ ስለፈለግሁ ዲስኮቹን በሙሉ አስረከብኩ። ዋጋው ለአንድ ዲስክ 60 ብር ነው፤ ፍላሹን ራሳችሁ ታመጣላችሁ።

ከዚያ በማሠልጠኛው ሰፊ ቴሌቪዥን ላይ ከፈትነው። በ1952 የተሠራው «ሲንጊን ኢን ዘ ሬይን» ነው፤ ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ። ቀለሙ ጥርት ያለ፣ ምስሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ስክሪኑን የሞላ ነው። ኬሊ ጃንጥላውን አጥፎ በዝናብ መሐል መደነስ ሲጀምር ግን ከቁርጭምጭሚቱ በታች የለም። ጫማው የለም፣ የሚረግጠው ውኃ የለም። ከሠልጣኞቹ አንዷ፣ «ጋሼ፣ ሰውዬው ምን እያደረገ ነው?» አለችኝ። ልክ ናት። እስክስታ ቢሆን ትከሻው ይበቃን ነበር፤ በጫማው ወለሉን እየመታ ምት የሚያወጣ የታፕ ዳንሰኛ እግሩ ከተደበቀ ግን የሚቀረው ዝናብ መቶት ትከሻውን የሚያራግፍ ሰው ነው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። እስከ 1950ዎቹ መጀመሪያ የተሠሩ ፊልሞች ምስላቸው ወደ አራት ማዕዘን የቀረበ ነው፤ የዛሬ ቴሌቪዥን ግን ሰፊና አጭር ነው። ምስሉን እንዳለ ካስቀመጡት በግራና በቀኝ ጥቁር ይተርፋል። ጥቁሩን ለማጥፋት ምስሉን ካሰፉት ደግሞ ከቁመቱ ሩብ ያህሉ፣ ከላይም ከታችም፣ ይቆረጣል። በተራ ድራማ ላይ ጣሪያና ወለል ቢጎድል ማንም ልብ አይልም። በዳንስ ፊልም ላይ ግን ወለሉ ነው ዋናው ነገር። ሌላው የሆሊውድ ታላቅ ዳንሰኛ ፍሬድ አስቴር ገና በ1930ዎቹ ካሜራው ከራስ ፀጉሩ እስከ ጫማው ሙሉ አካሉን እንዲይዝ፣ ዳንሱም በተቻለ መጠን ሳይቆራረጥ እንዲቀረጽ ያስገድድ ነበር። ከእሱ በኋላ የመጣው ኬሊ ካሜራውን ከዳንሰኛው ጋር አብሮ እንዲንቀሳቀስ አደረገው፤ እግሩን ግን አልደበቀም። ያን ነጭ ካልሲውንና አጭር ጫማውን ያየ ሰው ዓይኑ ወዴት እንደሚሳብ ያውቃል።

ሰውዬው የእኔን ሙያ በእኔ መንገድ የጀመረ ስለሆነ አደላለታለሁ። በ1912 ፒትስበርግ በምትባል የብረት ፋብሪካ ከተማ ተወለደ። እናቱ ልጆቿን ዳንስ ትምህርት ቤት ስታስገባ ወንዶቹ በዚህ ሰበብ ከሰፈር ልጆች ጋር ይደባደቡ ነበር፤ የእሱ ምኞት ቤዝቦል መጫወት ነበር። በ1933 ከፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ በኢኮኖሚክስ ተመረቀ። በዚያ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ግን እንጀራ የሆነው ዲግሪው ሳይሆን ቤተሰቡ የከፈተው የዳንስ ትምህርት ቤት ነው፤ ሕፃናት እያስተማረ ቆየ። በ1940 በኒውዮርኩ የቲያትር ሰፈር በብሮድዌይ መድረክ ስሙ ተጠራ፤ በ1942 ከዘፋኝና ተዋናይቷ ጁዲ ጋርላንድ ጋር የመጀመሪያ ፊልሙን ሲሠራ ወደ ሠላሳ ዓመት ተጠግቶ ነበር። ለዳንሰኛ ይህ ዘግይቶ መጀመር ነው። ሃያ ሁለት ሲሞላቸው «አረጀን» ለሚሉኝ ሠልጣኞች ሳልታክት እነግራቸዋለሁ።

ከዚያ በኋላ የመጣው በሩጫ ነው። በ1944 ከራሱ ነጸብራቅ ጋር፣ በ1945 ከካርቱኑ አይጥ ከጄሪ ጋር ደነሰ። በ1947 ቁርጭምጭሚቱ ተሰበረ፤ ሊሠራው የነበረውን ፊልም ከጡረታ ተመልሶ የሠራለት አስቴር ነው። «አን አሜሪካን ኢን ፓሪስ» በ1951 ሲወጣ የዓመቱን ምርጥ ፊልም ጨምሮ 6 ኦስካር ወሰደ፤ ለኬሊም ልዩ ኦስካር ተሰጠው። የዚያ ፊልም መዝጊያ 17 ደቂቃ ገደማ ያለ ንግግር የሚሄድ የባሌት ዳንስ ነው። ብዙዎች ያደንቁታል፤ እኔ ግን ይረዝምብኛል፤ ልጆቹም ስልካቸውን ማየት ጀምረዋል።

ከዝናቡ ትዕይንት ግን ማንም ዓይኑን አይነቅልም። ትዕይንቱ ሲቀረጽ ኬሊ ከ39 ዲግሪ በላይ ትኩሳት ነበረው። ውኃው እንዲታይ ወተት ቀላቅለውበታል የሚባለው ወሬ ነው፤ ዝናቡን ያሳየው ከኋላ የተጣለው መብራት ነው። ውኃ የሚያቁሩት ጉድጓዶችም እግሩ በሚያርፍባቸው ቦታዎች ታስበው የተቆፈሩ ናቸው። እንግዲህ የሆሊውድ ሰዎች ለአንድ እርምጃ አስፋልት ሲቆፍሩ፣ እኛ ያንኑ እርምጃ ስክሪን ለመሙላት ብለን ቆርጠን ጣልነው። በነገራችን ላይ የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ በእኛ አቆጣጠር በ1998 ዓ.ም. ክረምት በዚህ ከተማ ያደረሰውን ያየ ትልቅ ሰው በጎርፍ መሐል የሚስቅ ሰው ሲያይ ወዲያው አይስቅም። ከሠልጣኞቹ ወላጆች አንዱ ዝም ብለው ቆይተው ነው ፈገግ ያሉት።

አንድ ነገር ግን ለኬሊ አልሸፍንለትም። አብራው የተወነችው ዴቢ ሬይኖልድስ የዝናቡን ፊልም ስትሠራ የ19 ዓመት ጂምናስት እንጂ ዳንሰኛ አልነበረችም። ኬሊ እጅግ አስጨንቋታል፤ አንዱ ዳንስ ሌሊት ድረስ ሲደጋገም ውሎ እግሯ ደምቷል። ፒያኖ ሥር ተደብቃ ስታለቅስ አግኝቶ ያበረታታት አስቴር ነው። ኬሊ ራሱ በኋላ መልካም እንዳልሆነላት አምኗል። ውጤቱ ያምራል፤ እኔ ግን ሠልጣኝ በዚያ መንገድ አልይዝም።

ወደ ፍላሹ ልመለስ፤ የገልባጩ ሁለተኛ ጥፋት ከመጀመሪያው ይብሳል። በ1955 ኬሊ ከስታንሊ ዶነን ጋር ያዘጋጀው «ኢትስ ኦልዌይስ ፌር ዌዘር» በሲኒማስኮፕ የተቀረጸ፣ እጅግ ሰፊ ፊልም ነው። ኬሊ፣ ዳን ዴይሊና ማይክል ኪድ ጎን ለጎን ሆነው፣ አንድ አንድ እግራቸውን በቆሻሻ ማጠራቀሚያ ክዳን ውስጥ ሰክተው መንገድ ላይ ይደንሳሉ። ይህን ፊልም ስክሪን ለመሙላት ካሰፉት የሚቆረጠው ጎኑ ነው፤ ከወርዱ ሲሶ ሊጠጋ ምንም አይቀረውም። በእኛ ፍላሽ ላይ ሦስቱ ጓደኛሞች አንድ ሙሉ ሰውና ሁለት ግማሽ ሰው ሆነው ነበር።

ፍላሹን መልሼ ወሰድኩ። ባለሙያው አልተቆጣም፤ «ጋሼ፣ ደንበኛ ጥቁሩን ሲያይ ገንዘቤ ተበላ ብሎ ይጮህብኛል፤ ስለዚህ ሁሉንም አሰፋለሁ» አለኝ። ኮምፒውተሩ ላይ የዝናቡን ትዕይንት ከዲስኩና ከፍላሹ ጎን ለጎን ከፈትንለት። ለጥቂት ጊዜ አየ፤ ከዚያ ሳቀና፣ «እግሩን እኔ ነኝ የበላሁት» አለ። ሁሉንም እንደገና ገለበጠው፤ ተጨማሪ ገንዘብ አልተቀበለም። አሁን ምስሉ እንደተቀረጸው ነው፤ ጥቁሩም ለምዶናል። በሸጎዬና በዳንቶ ጭፈራ ያደጉት ሠልጣኞቼ የቆሻሻ ክዳኑን ዳንስ ካዩ በኋላ የማሠልጠኛው የጓሮ በርሜሎች ክዳን አልባ ሆነዋል። ጥበቃው እኔን ነው የሚከሱት።

ያልተስተካከለው የድምፅ ነገር ነው። በአንዱ ፊልም ላይ ድምፁ ከምስሉ ለቅጽበት ይዘገያል። ለሠርግ ቪዲዮ ይህ ምንም አይደለም፤ እልልታው ቢዘገይም እልልታ ነው። ለታፕ ግን ችግር ነው፤ እግሩ ካረፈ በኋላ ምቱ ይመጣል፤ ልጆቹም የተሳሳተውን ቆጠራ ይይዛሉ። የእነዚያ ፊልሞች የእግር ድምፅ ከቀረጻው በኋላ ስቱዲዮ ውስጥ ለብቻው የሚቀዳ ነበር፤ የድምፅ ሰዎቹ ከምስሉ ጋር ለማገጣጠም የለፉበትን ልፋት ማበላሸት ያሳዝናል። ነግሬዋለሁ፤ የሚሠራበት ፕሮግራም እንደሆነ ነግሮኝ ሌላ ሊሞክር ቃል ገብቷል። ፋይሎቹንም በስማቸው ሳይሆን በቁጥር ነው የሚያስቀምጣቸው፤ የሚፈልጉትን ለማግኘት እያንዳንዱን መክፈት የግድ ነው።

ጠዋት ሂዱ። ከስድስት ሰዓት ተኩል እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንደ ከተማው ሁሉ ይዘጋሉ፤ ከአሥር ሰዓት በኋላ ደግሞ የሠርግ ደንበኛ ይበዛል። ዲስኩን ስታስረክቡ «ምስሉን እንዳለ ገልብጥ፣ ስክሪን አትሙላ» በሉት፤ በፕላስተሩ ላይ ከስማችሁ ሥር ይጽፈዋል። በእኔው ላይ «እግር ይኑር» ብሎ ጽፎበታል።