ፀጉር ለማሳደግ የቱን ሹሩባ ልምረጥ? ራስታ፣ ኖትለስ፣ ክሮሼ እና ያለ ዊግ የሚሰራው ሲነጻጸሩ

ሹሩባ ፀጉር አያበቅልም። ፀጉር የሚያድገው ከቆዳው ስር ነው፤ ተጎነጎነም ተበተነም በወር አንድ ሳንቲ ሜትር ገደማ ይወጣል፣ በጣም የተጠቀለለ ፀጉር ደግሞ ከዚያ ትንሽ ዝቅ ይላል። ታዲያ "ሹሩባ ተሰርቼ አደገልኝ" የሚባለው ለምንድን ነው? ለስድስት ሳምንት ማበጠሪያ፣ ፎንና ፒያስትራ ስላልነካው ጫፉ መሰበሩን ስለሚያቆም ነው። የወጣው ሁሉ በቦታው ይቆያል።

ስለዚህ የትኛውንም ዓይነት ስንመዝን የምናየው ሁለት ነገር ነው፦ ጫፉ ምን ያህል ተጠብቋል፣ ስሩስ ምን ያህል ተሸክሟል? ጫፉን አድኖ ስሩን የሚነቅል ሥራ ገንዘብ የተከፈለበት ጉዳት ነው። በከተማችን ግንባሯ ዳር ሳስቶ፣ ጆሮ ግንዷ አካባቢ ቆዳዋ ታይቶ፣ ያንኑ ለመሸፈን ሌላ ሹሩባ የምትሰራ ሴት ብዙ ናት፤ ይህን ንጽጽር የጻፍነውም በዋናነት ለእሷ ነው።

ራስታ እና ኖትለስ

ሁለቱ ካለቁ በኋላ ከሩቅ አይለዩም። ልዩነታቸው ስሩ ላይ ያለችው የመጀመሪያዋ ሁለት ሳንቲ ሜትር ናት። ተራው ራስታ ሲሰራ ዊጉ ለሁለት ታጥፎ ገና ከቆዳው ላይ ይያዝና እዚያው ቋጠሮ ይፈጥራል። ቋጠሮው ጠንካራ ስለሆነ ጉንጉኑ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ሙሉ ክብደቱም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እዚያች ነጥብ ላይ ያርፋል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሌሊቶች ትራስ ላይ መተኛት የሚያስቸግረው በዚህ ምክንያት ነው።

ኖትለስ የሚጀመረው በራስሽ ፀጉር ነው። ሦስት አራት ዙር ከተጎነጎነ በኋላ ቀጭን ዊግ ይገባል፣ ወረድ ብሎ ሌላ፣ እንዲህ እያለ በሦስት ወይም በአራት ጭማሪ ይወፍራል። ስሩ ጋ ቋጠሮ ስለሌለ በተሰራበት ቀን እንኳ ወደ ፈለግሽበት ይታጠፋል፣ ቆዳውን አይወጥርም። ጊዜ ግን ይበላል፦ መካከለኛ ውፍረት ያለው ራስታ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ሲፈጅ፣ ኖትለስ ከ6 እስከ 8 ይሄዳል። ጠዋት 3 ሰዓት ገብቶ ከሰዓት 10 ሰዓት መውጣት የተለመደ ነው፣ የእጅ ዋጋውም በዚያው ልክ ይጨምራል። ዕድሜውም ያጥራል፤ ራስታ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ሲቆይ፣ ኖትለስ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ላይ ስሩ ላላ ብሎ ያረጀ ይመስላል።

ፀጉርሽ ለስላሳ ከሆነ ኖትለስ ከዚያም ቀድሞ ይንሸራተታል። ብዙ ሰሪዎች ይህን ስለሚያውቁ "እንዳይፈታብሽ" ብለው ያጠብቁታል፤ ያኔ ለኖትለስ የከፈልሽው ብር ትርጉም ያጣል። መፍትሔው ሌላ ቦታ ነው። ከመሰራትሽ በፊት በነበረው ቀን በሻምፖ በደንብ ታጠቢ፣ ወፍራም ኮንዲሽነርና ዘይት ስሩ ላይ አታስቀሪ፣ ሰሪዋ ደግሞ በእያንዳንዱ ክፍል ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ጄል ትቀባ። ደረቅና ንጹሕ ፀጉር ሳይጠብቅም ይይዛል።

ስሙ ኖትለስ ስለሆነ ብቻ ግን አያድንም። ወገብ ድረስ የወረደ ኖትለስ ትከሻ ላይ ከቀረ ራስታ የበለጠ ይጎትታል። እዚህ ላይ ግራም መቁጠር ያስፈልጋል። እሽጉ ላይ ክብደቱ ታትሟል፤ አንዳንዱ 80 ግራም ነው፣ ሌላው 165። "አምስት እሽግ ይበቃሻል" ስትባዪ አንዱ ጋ 400 ግራም፣ ሌላው ጋ 825 ግራም ተሸከሚ መባልሽ ነው። ለማሳደግ ብላ ለምትሰራ ሴት ከ400 ግራም ባያልፍ፣ ርዝመቱም ብብት ላይ ቢቆም እንመክራለን።

የመስመሩ ስፋትም ከክብደቱ ጋር መሄድ አለበት። በአራቱም ጎን 2 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ክፍል ለመካከለኛ ጉንጉን ይበቃል። ክፍሉ ጠቦ ጉንጉኑ ከወፈረ ጥቂት ፀጉሮች ብዙ ይሸከማሉ፣ ስሩም ይሳሳል። በጣም ቀጫጭኑ ደግሞ ሲሰራ ያምራል፣ ሲፈታ ግን ሁለት ቀን ይፈጃል፤ ስትቸኩዪ የሚበጠሰው የራስሽ ፀጉር ነው።

ያለ ዊግ የሚሰራው

ከሁሉም ርካሹ ይህ ነው፣ በእኛ ግምት ደግሞ ለሳሳ ፀጉር ከሁሉም የሚሻለው። የተጨመረ ክብደት የለውም። የግንባሯ ዳር ለሸሸባት፣ ለልጆች፣ እንዲሁም ወልዳ ሦስት ወር ገደማ ላይ ፀጉሯ መርገፍ ለጀመረባት እናት ከዚህ ሌላ አንመክርም። የእናትየው መርገፍ በራሱ ጊዜ የሚቆም ነው፤ በዚያ መሃል ዊግ ማንጠልጠል ግን ቀሪውንም ይዞ ይሄዳል።

ጉድለቱ ቶሎ መበተኑ ነው። ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይቆያል፣ በበጋ አቧራ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። በሁለት ወር ውስጥ ከአራት እስከ ስምንት ጊዜ ትፈቺዋለሽ፣ በፈታሽ ቁጥር ማበጠሪያ ይገባል። ጫፉም ዊግ ስለማይሸፍነው በቀጭን ክር ታስሮ ወደ ውስጥ ቢታጠፍ ይሻላል።

ለጋ ቅቤ የሚስማማው ከዚህኛው ጋር ነው፦ ሌሊቱን ተቀብቶ ያድራል፣ በማግስቱ ይታጠባል። በዊግ በተሰራ ላይ ግን ቅቤ አትቀቢ። ከአርቴፊሻሉ ፀጉር ላይ በቀላሉ አይለቅም፣ አቧራ ይይዛል፣ ይሸታል፣ ያከብዳል። ፎረፎር ካለ ቅቤም ሆነ የጉሎ ዘይት አያጠፋውም፤ ፎረፎርን የሚያባብሰው ፈንገስ የሚኖረው የራስ ቆዳ ቅባት ላይ ነው። መጀመሪያ 2 በመቶ ኬቶኮናዞል ያለውን ሻምፖ ከፋርማሲ ገዝተሽ በሳምንት ሁለት ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ተጠቀሚ፣ ቆዳው ሲጸዳ ትሰሪያለሽ።

የጥምቀትና የፋሲካ ዋዜማ ሹሩባ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። ወረፋው ረጅም ነው፣ ሰሪዋ ደክማለች፣ እጇ ይፈጥናል ይጠብቃልም፤ ከግንባር ወደ ኋላ የሚሳበው ሹሩባ ደግሞ ያን ጉልበት በሙሉ የፊት መስመሩ ላይ ያሳርፈዋል። ከበዓሉ አምስት ስድስት ቀን ቀድመሽ ተሰሪ።

ክሮሼ

የራስሽ ፀጉር ከ10 እስከ 14 መስመር ተደርጎ ከቆዳው ጋር ይጎነጎናል፣ ከዚያ የተዘጋጀው ዊግ የኪሮሽ መርፌ በሚመስል መንጠቆ ከመስመሩ ስር እያለፈ ይታሰራል። በ2 ወይም 3 ሰዓት ያልቃል። ጫፍሽ ሙሉ በሙሉ ውስጥ ስለሚደበቅ ከመሰበር የሚጠብቀው እሱ ነው፤ ክብደቱም በመስመሩ ላይ ይከፋፈላል። ቀን የሌላት ሠራተኛ ከዚህ የተሻለ አታገኝም።

ችግሩ ውሃ ነው። ከላይ ያለው ዊግ ወፍራም ስለሆነ ሻምፖው ቆዳው ላይ አይደርስም፣ ከደረሰም መስመሮቹ ቶሎ አይደርቁም። ከሰኔ እስከ መስከረም ፀሐይ በማይገኝበት ወቅት ስሩ እርጥብ ሆኖ ያድርና መሽተትና ማሳከክ ይጀምራል። በክረምት ክሮሼ ከሰራሽ ከታጠብሽ በኋላ ካስክ ውስጥ 40 ደቂቃ ያህል ለመቀመጥ ተዘጋጂ። በመንጠቆውም አትዘናጊ፤ አፉ ሳይዘጋ ከተሳበ ከዊጉ ጋር የራስሽን ፀጉር ይጎትታል። ከ4 እስከ 6 ሳምንት በኋላ ይውጣ።

ዊጉ፦ አርቴፊሻል ወይስ ሂውማን ሄር?

ለጉንጉን አርቴፊሻሉ ይበልጣል። ሂውማን ሄር ይንሸራተታል፣ ጉንጉኑን አይይዝም፣ ዋጋውም ከብዙ እጥፍ ይበልጣል። ጫፉ ተፈትቶ እንዲወርድ ለሚፈለግ ሥራ ካልሆነ በቀር ብርሽን ቆጥቢ። ልትገዢ ካሰብሽም መጀመሪያ አንድ ሁለት ክር አስመዝዘሽ አቃጥዪው፦ የሰው ፀጉር እንደ ተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ አመዱ በጣት ይደቃል፤ አርቴፊሻሉ ቀልጦ ጠንካራ ፍሬ ይሆናል፣ የላስቲክ ሽታ አለው። ሻጩ ይህን ካልፈቀደ አትግዢ።

ከአርቴፊሻሎቹ ካኔካሎን የሚል የተጻፈበት የጃፓኑ ካኔካ ኩባንያ የሚያመርተው ሰው ሠራሽ ክር ነው፤ ለእጅ ይለሰልሳል፣ በሙቅ ውሃ ሲነከር ቅርጽ ይይዛል። ርካሹ ዊግ ይንኮሻኮሻል፣ ያብለጨልጫል፣ አንገትንም ይወጋል። በአንድ ወጥ ርዝመት የተቆረጠው ጫፉ ደደር ስለሚል ቀድሞ የተሳሳበውን (ጫፉ እየሳሳ እንዲሄድ ተደርጎ የተዘጋጀውን) ፈልጊ፤ ሰሪዋን የግማሽ ሰዓት ድካም ይቀንስላታል። መርካቶ ላይ በብዛት ሲገዛ ዋጋው ይቀንሳል፤ ከሁለት ጓደኞች ጋር አብሮ መግዛት ያዋጣል።

ከተሰራሽ በኋላ ቆዳሽን ያሳከከሽ እንደሆነ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ዊጉ ላይ የተቀባው ነገር ነው። ከመሰራትሽ በፊት በነበረው ምሽት አንድ እጅ አቼቶ በአራት እጅ ውሃ አድርገሽ ዊጉን ለ30 ደቂቃ ዘፍዝፊው። ነጭ ነገር ውሃው ላይ ሲንሳፈፍ ታያለሽ። በንጹሕ ውሃ አለቅልቀሽ ሳትፈቺው አስጪው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህን ለመጨረሻው ቀን አታቆዪው።

ጫፉ በክብሪት ከሚታሸግ በሙቅ ውሃ ይታሸግ፤ በእሳት የቀለጠው ጫፍ አንገትና ልብስ ይጭራል። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ እዚህ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ለዊጉ ይበቃል፣ ቆዳ ለመላጥም ይበቃልና ትከሻሽ ላይ ወፍራም ፎጣ ይደረግ።

ዋጋውን በሳምንት አስቢው

የዊጉን፣ የእጁንና የማስፈቻውን ደምሪ፣ ለሚቆይበት ሳምንት አካፍዪው። ኖትለስ ከራስታ በአንድ ሦስተኛ ቢወደድና ራስታው 8 ሳምንት ሲቆይ እሱ 6 ብቻ ቢቆይ፣ በሳምንት የሚወጣው ወጪ ወደ 1.8 እጥፍ ይጠጋል። ግንባርሽ ጤነኛ ከሆነና ጉንጉኑ አጭርና ቀላል ከሆነ ያን ልዩነት መክፈል አያስፈልግሽም፤ ለስላሳ እጅ ያላት ሰሪ የሰራችው ራስታ ይበቃሻል። ግንባርሽ ከሳሳ ግን ያለ ዊግ የሚሰራው ብቻ። ፀጉር ቤቱ የነገረሽ ዋጋ ዊጉን መጨመር አለመጨመሩን ከመቀመጥሽ በፊት ጠይቂ፤ ጭቅጭቅ የሚነሳው ከዚህ ነው።

ፒያሳ በ2016፣ ካዛንችስ በ2017 ሲፈርሱ የለመድሻት ሰሪ ከሄደችብሽ፣ አዲሷን በመጀመሪያዎቹ አምስት ጉንጉኖች መዝኛት። ቅንድብሽን ወደ ላይ ስታነሺ ግንባርሽ ከተወጠረ ጠብቋል። "እህቴ፣ ከፊት ለቀቅ አድርጊልኝ፣ የፊቷን ደቃቃ ፀጉርም ተዪልኝ" በዪ። "ሁለት ቀን ያምሻል፣ ማስታገሻ ውሰጂ" የሚል መልስ ካገኘሽ ተነሺ፤ ሕመም የሥራው ጥራት ምልክት አይደለም። ለሁለት የሚሰሩሽ ከሆነ የሁለቱ እጅ ጥብቀት እኩል መሆኑንም ተከታተዪ። ፀጉርሽ ኬሚካል የነካው ከሆነ ከተቀባሽ በኋላ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ጠብቂ፣ ያኔም ቀላሉን ምረጪ።

ከተሰራ በኋላ እና ሲፈታ

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ወደ ላይ ሰብስበሽ አትሰሪው። በሌሊት የሳቲን ሻሽ እሰሪ። በየሁለት ሳምንቱ አንድ እጅ ሻምፖ ከአምስት እጅ ውሃ ጋር አፉ በቀጠነ ጠርሙስ ቀላቅለሽ በመስመሮቹ መሃል አፍስሺ፣ በጣት ጫፍ እሺ፣ አለቅልቂ፤ ጠዋት ይሁን፣ ማታ አይሁን። በስሩ ዙሪያ ብጉር የመሰለ እብጠት ወይም ነጭ መግል ካየሽ ያ ጉንጉን እስከ ነገ አይቆይ። ፍቺው። በመጎተት የሳሳ ፀጉር ቀድመሽ ከደረስሽበት ይመለሳል። ቆዳው ለስልሶ ካብለጨለጨና የፀጉር መውጫው ቀዳዳ ከጠፋ ግን ጠባሳ ነው፣ ቅባት አያመጣውም፤ ሳይዘገይ የቆዳ ሐኪም ጋ መሄድ ያስፈልጋል፣ አለርት ሆስፒታል ለዚህ የሚታወቅ የቆዳ ክፍል አለው።

ሲፈታ ዊጉን ከመቁረጥሽ በፊት የራስሽ ፀጉር የት እንደሚያልቅ በጣትሽ ፈልጊ፣ ከዚያ 5 ሳንቲ ሜትር ወረድ ብለሽ ቁረጪ። ለሁለት ወር ያደገውን በአንድ መቀስ የሚያጡት እዚህ ላይ ነው። ስሩ ላይ የአቧራና የቅባት ቀለበት ታገኛለሽ፤ ውሃ ሳይነካው በጣት ለያይተሽ፣ ትንሽ ኮንዲሽነር ቀብተሽ ጥርሱ በሰፋ ማበጠሪያ ከጫፍ ወደ ስር አውጪው። ሳይወጣ ከታጠበ ድብልቅልቁ እንደ ተዳመጠ ሱፍ ይጠጥራል፣ በመቀስ ካልሆነም አይወጣም።

እጅሽ ላይ የሚቀረው የፀጉር ድቡልቡል አያስደንግጥሽ። ሰው በቀን ከ50 እስከ 100 ፀጉር ይረግፍበታል፤ በ8 ሳምንት ከ2,800 እስከ 5,600 ይሆናል፣ ጉንጉኑ ውስጥ ተይዞ ቆይቶ አንድ ጊዜ ይወጣል። የረገፈው በአንድ ጫፉ ትንሽ ነጭ ፍሬ አለው። ፍሬ የሌለውና አጫጭሩ ከበዛ ተሰብሯል ማለት ነው፤ የሚቀጥለውን አጠር፣ ቀለል አድርገሽ አሰሪ። ከዚያ በፊት ግን ሁለት ሳምንት ሳይጎተት ይቆይ።