ደብረ ብርሃን፦ ሲፕሮ በ2 ደቂቃ፣ ምርመራ በ2 ሰዓት

ለገና ቤተሰብ ልጠይቅ ደብረ ብርሃን በገባሁ በ3ኛው ቀን ሽንት ያቃጥለኝ ጀመር። ሌሊቱን ስነሳ ስተኛ አደርኩ፤ የሚወጣው ግን ጠብታ ነው። የታኅሣሥን ብርድ እዚያ ያደረ ያውቀዋል። አክስቴ "ብርድ ነው የመታሽ" ብላ አብሽ በጠበጠችልኝ። ፍቅሯ ደስ ይላል፤ ግን ብርድ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ይህን ሕመም የሚያመጣው አንጀት ውስጥ የሚኖር ኢ. ኮላይ የሚባል ባክቴሪያ ነው። የሴት የሽንት መውጫ አጭር ስለሆነ ፊኛ ለመድረስ አይቸገርም።

መጀመሪያ የሄድኩት ሰፈር ውስጥ ወዳለ መድኃኒት ቤት ነው። ልጁ ትሑት ነው። "ያቃጥልሻል? ሲፕሮ ውሰጂ" ብሎ ይህን ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት 10 ፍሬ ቆረጠልኝ። 2 ደቂቃ አልፈጀም። እርጉዝ ነሽ ወይ አላለኝም፣ ማዘዣም አልጠየቀኝም። እንደ እኔ ከውጭ አገር ለመጣ ሰው እንዲህ ያለ ቅልጥፍና ያስደስታል። እኔን ግን አስፈራኝ። ሲፕሮ ጅማት ሊጎዳ ይችላል። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪም እ.ኤ.አ. በ2016 ሌላ አማራጭ ላለው ቀላል የሽንት ኢንፌክሽን እንዳይሰጥ መክሯል። በየምክንያቱ ከተዋጠ ደግሞ ባክቴሪያው ይለምደዋል፤ የባሰ ሕመም ሲመጣ አያድንም። ሳልገዛ ወጣሁ።

ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ካርድ አውጥቼ 2 ሰዓት ያህል ጠበቅኩ። ሲስተሯ ግን ስትጠይቅ አትቸኩልም። "ትኩሳት አለሽ? ያንቀጠቅጥሻል? ጎንሽን ያምሻል? ያስመልስሻል?" ኩላሊት ደርሶ እንደሆነ ለማወቅ ነው። ስለ እርግዝና፣ ስለ አለርጂ ጠየቀችኝ። ቀጥላ "ትጾሚያለሽ?" አለችኝ። እስከ 9 ሰዓት ውሃ ሳልጠጣ እንደምውል ስነግራት ራሷን ነቀነቀች። "እስኪሻልሽ ውሃ አይቅርብሽ፤ ንስሐ አባትሽን አማክሪ" አለችኝ። ይህን ጥያቄ የምኖርበት አገር ያለ ሐኪም ጠይቆኝ አያውቅም።

ላብራቶሪ ትንሽ ዕቃ ሰጡኝና "የመጀመሪያውን ድፊው፣ መሃል ላይ ያለውን ያዢ" አሉኝ። ሽንት ቤቱ ውስጥ ውሃም ሳሙናም አልነበረም። ይሄ አሳዝኖኛል፤ ናሙናው ንጹህ እንዲሆን ከተፈለገ መጀመሪያ እጅ መታጠብ አለበት። ካልቸርም፣ ማለትም ባክቴሪያውን አሳድጎ የሚለየው ምርመራ፣ እዚያ አይሠራም። ቢሆንም በማይክሮስኮፕ አይተው "ፐስ ሴል ብዙ" ብለው ጻፉልኝ፤ የመግል ሕዋስ ማለት ነው፣ የኢንፌክሽን ምልክት።

የታዘዘልኝ ናይትሮፉራንቶይን የሚባል ሌላ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት፣ 100 ሚሊግራም ነው፤ ጠዋትና ማታ ከምግብ ጋር፣ ለ5 ቀን። ሽንቴ ቢጠቁር እንዳልደነግጥ ቀድማ ነግራኛለች። መድኃኒቱ ሽንት ውስጥ ስለሚጠራቀም ለፊኛ ጥሩ ነው፤ ኩላሊት ለደረሰ ኢንፌክሽን ግን አይሆንም። ጤና ጣቢያው ውስጥ አልቆ ነበርና ከተማ ውስጥ 3ኛው መድኃኒት ቤት ላይ አገኘሁት። በ2ኛው ቀን ማቃጠሉ ቀነሰ። 5ቱንም ቀን ጨረስኩ።

አክስቴ "የተረፈውን አስቀምጪልኝ" ስትለኝ ነው ነገሩ የገባኝ። ሳጥኗን ከፍታ አምና የተረፈ 4 ፍሬ ሲፕሮ አሳየችኝ። እሷም ሽንት ያቃጥለኛል እያለች ለሁለት ቀን እየዋጠች ትተወዋለች። ሰኞ ዕለት ይዣት ሄድኩ። ካርድ አወጣች፣ ወረፋ ጠበቀች፣ ሽንት ሰጠች። ኢንፌክሽን አልተገኘባትም። ሲስተሯ "እማማ፣ ውሃ ጠጪ፣ ካልተሻለሽ ተመለሺ" ብላ ያለ አንድ ኪኒን ሸኘቻት።