የሐርቡው ሶላር ፓምፕ ዋጋውን ይመልሳል ወይ?

በዓመት አንዴ ብቻ ሽንኩርት አጠጥታችሁ መሬቱን ለማሽላ የምትለቁት ከሆነ ሶላር አትግዙ። የቤንዚን ሞተሩ ይሻላችኋል። ይህን የምለው ዕቃውን ጠልቼው አይደለም። እኔና ወንድሜ ደቡብ ወሎ ሐርቡ ላይ፣ ከቦርከና ወንዝ ብዙም ሳንርቅ፣ ሁለት ጥማድ እያጠጣንበት ነው፤ ዛሬ እንደ አዲስ ግዛ ብትሉኝም እገዛዋለሁ። ግን ኮምቦልቻ ሱቅ ውስጥ የሚሰላው ሒሳብ ሌላ፣ ማሳ ላይ የሚገኘው ሌላ ነው።

ዕቃው ይሄ ነው፦ ጉድጓድ ውስጥ የሚሰጥም ፓምፕ፣ ከፓኔሉ የሚመጣውን ኃይል ለፓምፑ የሚያስተካክል ኮንትሮለር፣ ተደምረው 800 ዋት ገደማ የሚሆኑ ፓኔሎች፣ ገመድና ቱቦ። ባትሪ የለውም፣ አያስፈልገውምም። ፀሐይ ስትወጣ ይጀምራል፣ ስታዘቀዝቅ ይደክማል፣ በቃ። ፓኔሉን ወደ ደቡብ አዙራችሁ ትንሽ ዘንበል ማድረግ ነው፤ ለኛ አገር 15 ዲግሪ አካባቢ ይበቃል፣ ዝናቡም አቧራውን ያወርድላችኋል። በበጋ ግን ዝናብ የለም፤ የሐርቡን አቧራ ደግሞ ታውቁታላችሁ። ጠዋት ጠዋት በጨርቅ መወልወል ግድ ነው።

ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን የውሃ መጠን አትመኑት። እሱ ውሃው ሽቅብ ሳይወጣ የሚሰጠው ትልቁ ቁጥር ነው። የኛ ውሃ ከ12 ሜትር ጥልቀት ነው የሚወጣው። ባለ 200 ሊትር በርሜል አቁማችሁ በስልካችሁ ሰዓት ያዙ። የኛ እኩለ ቀን ላይ በሁለት ደቂቃ ይሞላል፣ በሰዓት 6 ሜትር ኩብ ማለት ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ግን ቆማችሁ ትጠብቁታላችሁ፣ ከእጥፍ በላይ ይፈጃል። ሙቀቱም የራሱን ይወስዳል፤ ፓኔል ከ25 ዲግሪ በላይ ሲግል በየዲግሪው አቅሙ በ0.4 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ቀኑ ሙሉ ሲደመር ከ30 እስከ 35 ሜትር ኩብ ይወጣዋል።

ይበቃል? አንድ ሚሊሜትር ውሃ በአንድ ሄክታር ላይ 10 ሜትር ኩብ ነው። ሽንኩርት ሙቀቱ ሲበረታ በቀን 5 ሚሊሜትር ገደማ ይፈልጋል። ሁለት ጥማድ፣ ማለትም ግማሽ ሄክታር፣ 25 ሜትር ኩብ ይጠይቃል፤ በቦይ ላይ የሚባክነው ሲታከልበት ወደ 35 ይጠጋል። ልክ ልኩን ነው። ሦስተኛ ጥማድ ልጨምር ካላችሁ ሽንኩርቱ ይራባል።

በጣም የወደድኩለት ነገር ሻጩ ጭራሽ ያላነሳው ነው። የእጅ ጉድጓድ ያለው ሰው ያውቀዋል፤ መጋቢት ላይ ውሃው ሲሸሽ የቤንዚን ሞተሩ ግማሽ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ያደርቀዋል፣ ከዚያ ሞተሩን አጥፍቶ እስኪመነጭ መቀመጥ ነው። ሶላሩ ቀስ እያለ ቀኑን ሙሉ ስለሚስብ ጉድጓዱ እያመነጨ አብሮት ይሄዳል። ሌላም አለ። እነዚያ የቤንዚን ሞተሮች ከላይ ሆነው ውሃ የሚስቡት ቢበዛ ከ6 እስከ 7 ሜትር ነው። ስለዚህ ሰው ጉድጓዱ ውስጥ እርከን ቆርጦ ሞተሩን እዚያ ያወርደዋል፣ ሊያስነሳም ሊያጠፋም ራሱ ይወርዳል። የሞተር ጭስ ጉድጓድ ውስጥ ታፍኖ ሰው ይገድላል። ይህን በብር አላሰላውም፣ ግን እናታችን ሶላሩ ሲገባ የመጀመሪያ ቃሏ «ተመስገን፣ ከእንግዲህ ጉድጓድ አትወርዱም» ነበር።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ዋጋ በብር አልጽፍላችሁም፣ በየሳምንቱ ይለዋወጣል። ፓኔሉም ፓምፑም ከውጭ ስለሚገባ ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ አብሮ ሽቅብ ሄዷል። ቤንዚኑም እንዲሁ። ስለዚህ እኔ የማሰላው በቤንዚን ሊትር ነው። የተጠየቃችሁትን ዋጋ እናንተ በትክክል ቤንዚን በምታገኙበት ዋጋ አካፍሉት። ማደያው ላይ በተለጠፈው አይደለም፣ ጀሪካኑ እጃችሁ ሲገባ ባወጣችሁት ነው።

ሁለት ጥማድ ሽንኩርት ከኅዳር ተከላ እስከ የካቲት መጨረሻ በቀን ከሁለት ሊትር በላይ ቤንዚን ይበላል፣ በወቅት 250 ሊትር በሉት። እንበልና ሙሉው የሶላር ዕቃ 1,200 ሊትር የሚገዛ ብር ቢጠየቅበት፣ በዓመት አንድ ወቅት ብቻ ለሚያጠጣ ሰው አምስት ዓመት ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ነው የሚመለሰው። ፓኔሉ ከ20 ዓመት በላይ ይኖራል፣ ልክ ነው። ፓምፑ ግን እንደ ፓኔሉ አይደለም፤ አሸዋ ያለው ውሃ ከሆነ አምስት ዓመት መድረሱንም እጠራጠራለሁ። ገና ዕዳውን ጨረስኩ ስትሉ አዲስ ፓምፕ መግዛት ይመጣል።

እኛ ሽንኩርቱን እንዳነሳን ማሾ እንዘራለን። ማሾ በሁለት ወር ተኩል ገደማ ይደርሳል፣ በልግ ጠብ ካለም ያግዘዋል። ውሃ ስለማይወድ የሚተርፈው ቤንዚን 150 ሊትር ቢሆን ነው። ሲደመር በዓመት 400፣ ማለትም 1,200ው በሦስት ዓመት ያልቃል። እዚህ ላይ ነው ሶላር የሚያዋጣው። ፀሐዩማ ነፃ ነው፣ ፓኔሉ ግን ቆሞ የሚውልበት ቀን ሁሉ ኪሳራ ነው።

ሻጮች የማይነግሯችሁ ወጪ አለ። ውሃው ቀጭን ስለሆነ በረጅም ቦይ ከለቀቃችሁት ጫፍ ሳይደርስ መሬት ይጠጣዋል። ወይ ቦዩን ማሳጠር ነው፣ ወይ ኩሬ ቆፍሮ ጂኦሜምብሬን የሚባለውን ውሃ የማያሳልፍ ፕላስቲክ አንጥፎ ማጠራቀም። እኛ ኩሬውን መረጥን፣ ፕላስቲኩ ቀላል ገንዘብ አይደለም። ሌብነቱም አለ። ፓኔሉን በብየዳ ካላሰራችሁት ማታ ማታ አውርዶ ቤት ማስገባት ነው፣ ወይም ማሳ ላይ ማደር።

አገልግሎታቸው? እዚህ ላይ ተናድጃለሁ። ስንገዛ «አብሽር ወንድሜ፣ አንድ ዓመት ዋስትና አለው» ተባልን። ኮንትሮለሩ ጥር ላይ፣ ሽንኩርቱ ራስ መያዝ ሲጀምር፣ መብራቱ እየበራ ፓምፑን እምቢ አለ። ሱቁ ስንሄድ «አዲስ አበባ ተልኮ ይታያል» አሉን። እስኪመለስ ማን ይጠብቃል? ደግነቱ አሮጌውን የቤንዚን ሞተር አልሸጥነውም ነበር። እናንተም አትሽጡት። ስትገዙም ትርፍ ኮንትሮለር መደርደሪያቸው ላይ መኖሩን በዓይናችሁ እዩ፤ «ይመጣል» ካሏችሁ ሌላ ሱቅ ሂዱ።

በብድር ለምትወስዱ፦ እኛ አካባቢ ብዙው ሰው ወለድ ስለማይነካ ሙራባሃ ነው የሚጠይቀው፤ ባንኩ ዕቃውን ገዝቶ ትርፉን ጨምሮ ይሸጥላችኋል። ያ ትርፍም በሊትር ይቆጠር። ከትርፉ በላይ ግን የክፍያው ቀን ያስጨንቃል። በየወሩ ክፈሉ ካሏችሁ እምቢ በሉ፣ ኅዳር ላይ ችግኝ የተከለ ሰው ታኅሣሥ ላይ ከየት ያመጣል? ደግሞ ሁሉም ሽንኩርት በአንድ ሳምንት ገበያ ሲወጣ ደላላው በፈለገው ዋጋ ነው የሚያነሳው፣ ስለዚህ አንዱን ክፍያ ወደ ማሾው ግፉት። እኛ ተከራክረን በመጋቢትና በሰኔ እንድንከፍል ተስማምተናል።