«በባቡር እስከ ሞን ብላን ጫፍ» ተብሎ ስለሚሸጠው ጥቅል ጉዞ የተሰጠ ማስጠንቀቂያ

ውድ ወገኖች፣ በጄኔቫና በአካባቢዋ እንዲሁም በፈረንሳይና በጀርመን በምንኖር ኢትዮጵያውያን መካከል «የሁለት ቀን የሞን ብላንና የኦት ሳቮዋ ታሪካዊ ሥፍራዎች ሙሉ ጥቅል» በሚል ስም (ሞን ብላን በፈረንሳይና በጣሊያን ድንበር ላይ ያለ ትልቅ ተራራ፣ ኦት ሳቮዋ ደግሞ በዚያው አካባቢ ያለ የፈረንሳይ አውራጃ ነው) በማኅበራዊ ሚዲያ ቡድኖች የሚሸጠውን ጉዞ ለመግዛት ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን ጽሑፍ እንድታነቡልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ሻጩን በስም አልጠቅስም፤ ያው ማስታወቂያ ስሙ ብቻ እየተቀያየረ ሲወጣ ስለተመለከትሁ፣ ስም ይዞ የሚጠነቀቅ ሰው በሌላ ስም ሊታለል ይችላል። ከአዲስ አበባ ለጥየቃ የመጡትን እናቴንና አክስቴን ይዘን ለእያንዳንዳችን 340 ዩሮ ከፍለን የሄድን ሲሆን፣ ከተዘረዘሩት አገልግሎቶች ውስጥ በተባለው መልኩ ያገኘነው ከጄኔቫ ያደረሰንንና የመለሰንን መኪና ብቻ ነው።

የማስታወቂያው ዋና መሳቢያ «በባቡር እስከ ሞን ብላን ጫፍ» የሚለው ቃል ሲሆን፣ ይህ ከመሠረቱ ሐሰት ነው። በሞን ብላን ስም የሚጠራ ባቡር በእርግጥ አለ፤ ከሴን ዠርቬ ለ ፋዬ ተነሥቶ በጥርሳም ሐዲድ ዳገቱን ይወጣል። ነገር ግን የመጨረሻው ጣቢያ ኒ ዴግል የሚገኘው በ2,372 ሜትር ከፍታ ላይ ሲሆን፣ የተራራው ጫፍ ደግሞ 4,806 ሜትር ገደማ ነው። ባቡሩ ተሳፋሪውን የሚያወርደው እንግዲህ ከጫፉ ከ2,400 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ነው፤ በበረዶው ወራት ደግሞ እዚያም ሳይደርስ ቤልቪው ከተባለው ጣቢያ ይመለሳል። ወደ ጫፉ የሚያደርስ ባቡርም ሆነ ኬብል ካር ወይም የመኪና መንገድ የለም። ዣክ ባልማና በተራራው ግርጌ ያለችው የሻሞኒ ከተማ ሐኪም ሚሼል ጋብሪኤል ፓካር እ.ኤ.አ. በ1786 ለመጀመሪያ ጊዜ ከደረሱበት ጊዜ አንሥቶ፣ ወደዚያ የሚወጣ ሰው የሚወጣው በእግሩ፣ በገመድና በበረዶ መርገጫ ብረት፣ ሕይወቱንም ለአደጋ አጋልጦ ነው። ባቡሩ ራሱ ውብ ጉዞ ስለሆነ ማንንም ከእርሱ ማራቅ አልፈልግም፤ ጥፋቱ የሌለውን መድረሻ ዋጋ ተምኖ የሚሸጠው ሰው ነው።

ሁለተኛውና በገንዘብ በኩል ከሁሉ የሚከብደው የኤጉይ ዱ ሚዲ ጉዳይ ነው። ከሻሞኒ ከተማ፣ ማለትም ከ1,035 ሜትር ከፍታ ተነሥቶ 3,842 ሜትር ወደሚደርሰው ሹል ተራራ የሚያወጣው ኬብል ካር እ.ኤ.አ. በ1955 ሥራ የጀመረ ሲሆን፣ የአንድ አዋቂ ሰው የደርሶ መልስ ቲኬት ከ70 ዩሮ በላይ ነው። ከጥቅሉ ዋጋ ትልቁን ድርሻ ሊይዝ የሚገባው ይህ ቲኬት ነበር። ለእኛ የተሰጠን ግን የሻጩ ዓርማ የታተመበት ቫውቸር ብቻ ሲሆን፣ በቲኬት መስኮቱ ላይ ያሉት ሠራተኞች በጨዋነት «ይህ የእኛ ቲኬት አይደለም» ብለው መለሱልን። ሰው በሚበዛበት የበጋ ወራት የመሳፈሪያ ሰዓት አስቀድሞ መያዝ አለበት፤ ሕጋዊ የብዙ ቀን ማለፊያ የገዙ ጎብኚዎች እንኳ ሰዓታቸውን ለይተው ያስመዘግባሉ። ሻጩን በስልክ ስንጠይቀው «በነፋስ ምክንያት ተዘግቷል፤ ለአየር ጠባይ ገንዘብ አንመልስም» አለን፤ ይህን ሲለን ካቢኖቹ ሰው ጭነው በዐይናችን ፊት እየወጡ ነበር። ኬብል ካሩ በኃይለኛ ነፋስ መዘጋቱ የተለመደ ስለሆነ ሰበቡ ለማያውቅ ሰው አሳማኝ ይመስላል። የዕለቱ የአገልግሎት ሁኔታ ግን ኬብል ካሩን በሚያስተዳድረው በኮምፓኚ ዱ ሞን ብላን ኦፊሴላዊ ገጽ ላይ ለማንም ክፍት ሆኖ ይገለጻል፤ እንዲህ ያለ መልስ የተሰጠው ሰው ከመስኮቱ ሳይርቅ ገጹን ከፍቶ ያረጋግጥ፣ የታየውንም ፎቶ ያንሣ።

ስለዚሁ ስፍራ ከገንዘብ የሚበልጥ ነገር አለ። በማስታወቂያው ላይ ያለው ፎቶግራፍ ሰዎች በቀጭን የበረዶ ሸንተረር ላይ ሲራመዱ ያሳያል፤ ከሥሩም «ከአስጎብኚያችን ጋር በበረዶ ላይ የእግር ጉዞ፣ ለሁሉም ዕድሜ» የሚል ተጽፏል። ያ ሸንተረር ከጣቢያው የበረዶ ዋሻ በኋላ የሚጀምር፣ ያለ ገመድና ያለ መርገጫ ብረት አንዲት መንሸራተት ነፍስ የምታጠፋበት ስፍራ ነው። በፈረንሳይ ሕግ በበረዶ ግግር ላይ ሰው ይዞ በክፍያ መሄድ የሚችለው የመንግሥት ዲፕሎማና የሙያ መታወቂያ ያለው የተራራ መሪ ብቻ ነው። በሻሞኒ የመሪዎቹ ማኅበር እ.ኤ.አ. ከ1821 ጀምሮ ያለ ስለሆነ እውነተኛ መሪ ማግኘት አያስቸግርም፤ መታወቂያህን አሳየኝ ቢባልም የሚቀየም አይደለም። ከዚህም ሌላ፣ ዕድሜያቸው ከ3 ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ወደ ላይ እንዲወጡ አይፈቀድም፤ ሻጩ ግን «ሕፃናት በነጻ» ይላል። በአዲስ አበባ ከፍታ የኖሩ እናቶቻችንና አባቶቻችን ከባሕር ጠለል አካባቢ ከመጣ ሰው የተሻለ ሊችሉት ቢችሉም፣ 3,842 ሜትር ከእንጦጦም በብዙ የሚበልጥ ስለሆነ፣ የልብ ወይም የደም ግፊት ሕመም ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳያማክር በሃያ ደቂቃ ወደዚያ መውጣት የለበትም።

ወደ ታሪካዊ ሥፍራዎቹ ስመጣ እጅግ ያሳዘነኝን ነገር መናገር ግድ ይለኛል። በጥቅሉ ዝርዝር ውስጥ «የግሊዬር አምባና የሞሬት የአርበኞች መካነ መቃብር፣ የመግቢያ ክፍያ የተካተተበት» የሚል መስመር አለ። የግሊዬር አምባ በናዚ ወረራ ዘመን የፈረንሳይ አርበኞች በረዶ ውስጥ መሽገው ከእንግሊዝ አውሮፕላኖች የሚጣልላቸውን መሣሪያ ይቀበሉበት የነበረ ቦታ ነው። አዛዣቸው ሌተና ቶም ሞሬል በመጋቢት 1944 እ.ኤ.አ. ተገደለ፤ በዚያው ወር መጨረሻ ላይ የጀርመን ጦር ከናዚዎች ጋር ከተባበረው የፈረንሳይ የቪሺ መንግሥት ታጣቂዎች ጋር ሆኖ አምባውን ሲያጠቃ ብዙዎቹ ወደቁ። በቶን ከተማ አጠገብ ባለው የሞሬት መካነ መቃብር 105 መቃብሮች ተደርድረው ይታያሉ፤ በአምባው ላይ ደግሞ ቀራፂው ኤሚል ዢልዮሊ የሠራው ነጭ ሐውልት እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ ቆሟል። ወደ መቃብሮቹም ሆነ ወደ ሐውልቱ ለመግባት ማንም ሰው ምንም አይከፍልም። የአርበኛ መቃብር ምን እንደሆነ ለምናውቅ ሰዎች፣ ለነጻነት በወደቁ ወጣቶች መቃብር ላይ የሌለ የመግቢያ ዋጋ ለጥፎ መሸጥ ከማጭበርበርም የከፋ ነውር ሆኖ ይሰማኛል።

በጥቅሉ ውስጥ በነበረችው በአንሲ ከተማም የሆነው ከዚህ ብዙም አይለይም። በቦዮቹ ዳር የተዘረጋው የድሮው ከተማ የሕዝብ መንገድ ነው፤ በውኃው መካከል የቆመውን ፓሌ ደ ሊል የተባለውን ጥንታዊ ሕንፃ ከድልድዩ ላይ ማየትም በነጻ ነው። ክፍያ ያለው ወደ ውስጥ ሲገባ ሲሆን፣ እኛ ወደ ውስጥ አልገባንም። የማንቶን ሴን ቤርናር ግንብ የግል ንብረት ስለሆነ የሚከፈተው በተወሰኑ ወራትና ሰዓታት ብቻ ነው፤ የተወሰድነው በሩ በተዘጋበት ሰዓት ነበር።

ዋጋውን አስመልክቶ፣ ከኤጉይ ዱ ሚዲው ቲኬት ሌላ፣ እ.ኤ.አ. በ1909 ሥራ ወደጀመረው የሞንታንቬር ጣቢያና ወደ ሜር ደ ግላስ የበረዶ ግግር የሚያወጣው ባቡር ወደ 40 ዩሮ ገደማ ነው። ከጄኔቫ እስከ አንሲና እስከ ሴን ዠርቬ የሌማን ኤክስፕረስ ባቡር እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2019 ጀምሮ ይሠራል። በሻሞኒ ሸለቆ ውስጥ የሚያድር እንግዳ ደግሞ ከማደሪያው የሚሰጠውን የእንግዳ ካርድ ይዞ በሸለቆው አውቶቡሶች ያለ ክፍያ መሄድ ይችላል፤ በጥቅሉ ውስጥ ግን «የከተማ ትራንስፖርት» ተብሎ ለብቻው ዋጋ ወጥቶለታል። ሻጩ «ድንበር ላይ ሰነድ የሚጠይቅ የለም» ማለቱም አደገኛ ነው። ሻሞኒ ፈረንሳይ ናት፤ በስዊዘርላንድ የጥገኝነት ጉዳያቸው ገና እየታየ ያለ ወገኖቻችን በያዙት ፈቃድ ወደ ፈረንሳይ መሻገር ስለማይችሉ፣ ፍተሻ ካጋጠማቸው የሚጎዱት እነርሱ እንጂ ሻጩ አይደለም።

ብዙ ሰው በኢንተርኔት የገዛውን ነገር በ14 ቀናት ውስጥ መሰረዝ የሚችል ይመስለዋል። ይህ መብት ቀኑ ተቆርጦ ለተሸጠ የመዝናኛ አገልግሎት አይሠራም፤ ሻጩም ይህን አንቀጽ ጠቅሶ መልሶልናል። ያልነገረን ነገር ግን፣ መጓጓዣንና ሌላ የጉብኝት አገልግሎትን በአንድ ዋጋ አጣምሮ ከ24 ሰዓት በላይ ለሚቆይ ጉዞ የሚሸጥ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣው የአውሮፓ ኅብረት የጥቅል ጉዞ መመሪያ መሠረት ለእያንዳንዱ አገልግሎት አፈጻጸም ራሱ ተጠያቂ መሆኑን ነው። በፈረንሳይ እንዲህ ያለ ጉዞ የሚሸጥ ሁሉ አቱ ፍራንስ የተባለው የፈረንሳይ የቱሪዝም ድርጅት በሚያስተዳድረው መዝገብ ውስጥ መመዝገብና ቁጥሩን በሽያጭ ሰነዱ ላይ ማስፈር አለበት፤ መዝገቡም ለማንም ክፍት ነው። የእኛ ደረሰኝ ላይ ቁጥር አልነበረም። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት የምዝገባ ቁጥሩን ጠይቁ፣ ቲኬቱ በማን ስምና በየትኛው ሰዓት እንደተያዘ በጽሑፍ እንዲሰጣችሁ አድርጉ፤ በባንክ ዝውውር ብቻ ካልከፈላችሁ የሚላችሁንም ተዉት።

ቀድማችሁ የከፈላችሁ ሰዎች፣ ክፍያው በካርድ ከሆነ ያልተሰጣችሁን አገልግሎት ጠቅሳችሁ ገንዘቡ እንዲመለስላችሁ ለባንካችሁ ሳትዘገዩ ጻፉ፤ የጊዜ ገደብ አለው። የማስታወቂያውን ቅጂ፣ ቫውቸሩንና የተለዋወጣችሁትን መልእክት አትሰርዙ። ሻጩ የሚሠራው በፈረንሳይ ከሆነ፣ ሲኛል ኮንሶ በተባለው የመንግሥት የአቤቱታ ገጽ ላይ ማመልከት ይቻላል። በተለይ ለኅዳር (ኖቬምበር) ወር የተቆረጠ ቫውቸር የያዛችሁ ካላችሁ ዛሬውኑ አጣሩ፦ የኤጉይ ዱ ሚዲ ኬብል ካር አብዛኛውን ጊዜ በዚያ ወር ለዓመታዊ ጥገና ይዘጋል፤ በዚሁ ጥቅል የተካተተው የፊዬር ገደልም በበረዶው ወራት ለጎብኚዎች ክፍት አይደለም።