«ሶንግስ ፍሮም ዘ ዉድ»፦ የ11 ፓውንዱ አሮጌ ሸክላ ወይስ የ45 ፓውንዱ ጥራዝ?

ባለፈው ሳምንት አንድ ወዳጄ ከእንግሊዟ ከተማ ከሌስተር ደወለ። ገና «እንዴት ነህ» ሳንባባል፣ «ያ በአንድ እግሩ ቆሞ ዋሽንት የሚነፋው ሰውዬ፣ የጫካው አልበም፣ የትኛውን ልግዛ?» አለኝ። ዘንድሮ ይህን ሲጠይቀኝ አራተኛው ሰው ነው። ጥፋቱ የኔው ነው። እኔ ቤት ቡና ሊጠጣ የመጣ ሁሉ ይህን ሸክላ ሳይሰማ አይወጣም። ቶናው ሲቀዳ መርፌውን አወርዳለሁ። ከዚያ በሳምንቱ ስልክ ይደወላል። አንዱን ነገር መደጋገም ስለሰለቸኝ ጽፌው ልገላገል።

አልበሙ ጄትሮ ተል የሚባለው የእንግሊዝ ሮክ ባንድ «ሶንግስ ፍሮም ዘ ዉድ» ነው። ለማያውቀው ባጭሩ፣ የወጣው በፌብሩዋሪ 1977 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ያኔ ለንደን በፓንክ፣ በዚያ ጩኸታም የወጣቶች ሮክ፣ አብዳ ነበር። እነዚህ ሰዎች ግን ማንዶሊን፣ ሉት፣ ዋሽንትና በእጅ የሚያዝ ትንሽ የቧንቧ ኦርጋን ይዘው ስለ ጫካ፣ ስለ አደንና ስለ ክረምት ደወል ይዘፍናሉ። መሪያቸው ኢያን አንደርሰን ነው። የባንዱ ስም ራሱ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የዘር መዝሪያ ማሽን ከሠራ እንግሊዛዊ ገበሬ የተወሰደ ነው። ዘጠኝ ዘፈን፣ አርባ አንድ ደቂቃ። ስለ ሙዚቃው ይህ ይበቃል፣ ቀሪውን ጆሮ ይጨርሰዋል። የሰው ጥያቄ ሁልጊዜ ስለ ብር ነው፣ የኔም መልስ ስለ ብር ነው።

ገበያው ላይ የሚያደናግሩት አራት ናቸው። የ1977ቱ አሮጌ ሸክላ፣ የ2003ቱ ሲዲ፣ የ2017ቱ አዲስ ሸክላ፣ እና በዚያው በ2017 ለአርባኛ ዓመቱ የወጣው ሦስት ሲዲና ሁለት ዲቪዲ የያዘ ጥራዝ። አራቱም በየተራ እጄ ገብተዋል። እስከ መጨረሻው እንዳላንከራትታችሁ ምርጫዬን ከወዲሁ ልናገር፦ አሮጌው ሸክላ። የእንግሊዙ ህትመት፣ ንጹሕ ከሆነ፣ ከ12 ፓውንድ ባልበለጠ።

ለምን ርካሽ ሆነ? ብዙ ስለታተመ ነው። አልበሙ እንግሊዝ ውስጥ 13ኛ፣ አሜሪካ ውስጥ 8ኛ ደረጃ ደርሷል። በየቤቱ ገብቷል ማለት ነው። ዛሬ እነዚያ ቤቶች ሲጸዱ በየቻሪቲ ሱቁ (የበጎ አድራጎት አሮጌ ዕቃ መሸጫ) እና በየካር ቡቱ (ሰው አሮጌ ዕቃውን ከመኪናው ኋላ የሚሸጥበት ገበያ) ይወጣል። እኛ ሰዎች ግን የሸክላ ዋጋ ስንሰማ የምንደነግጠው በአገራችን ሸክላ ለምደን ነው። የአዲስ አበባው ሙዚቃ አሳታሚ የአምሃ ሪከርድስ ሸክላዎች የታተሙት ለጥቂት ዓመታት፣ በትንሽ ቁጥር ነው። ደህና የሆነ አንዱን ኦርጅናል ለመግዛት የወር ቀለብ ሊጠየቅ ይችላል። ስለዚህ አንድ ሻጭ ለጄትሮ ተል «ይህ እኮ ኦርጅናል ነው፣ ብርቅ ነው» ብሎ 40 ፓውንድ ሲጠራባችሁ ፈገግ ብላችሁ እለፉ። ኦርጅናልነቱ እውነት ነው፣ ብርቅነቱ ግን ውሸት ነው። ቀጣዩ ጠረጴዛ ላይ ሌላ አለ።

ርካሽ ነው ማለት ግን ያገኙትን ማንሳት ማለት አይደለም። እኔ መጀመሪያ የገዛሁት በ3 ፓውንድ ነው። ሽፋኑ እንደ አዲስ ያበራል። ደስታዬ እስከ ቤት ብቻ ነበር። አልበሙ የሚጀምረው ያለ አንድም መሣሪያ፣ በተደራረበ የሰው ድምፅ ነው። በዚያ ቅጂ ላይ «ስ» ያለበት ቃል ሁሉ እንደ መጥበሻ ይሻክር ነበር። አጠብኩት፣ ያው ነው። ደግሜ አጠብኩት፣ ያው ነው። ቆሻሻ ቢሆን ኖሮ ይለቅ ነበር። ነገሩ የቀድሞው ባለቤት መርፌ ነው። ያለቀ መርፌ የሸክላውን መስመር ይፍቀዋል፣ የተፋቀ መስመር ደግሞ በምንም አይመለስም።

ከዚያ ወዲህ የምፈትሽበት መንገድ አለኝ። ሸክላውን አውጥቼ መብራት ሥር አጋድመዋለሁ። ጥቁር ሆኖ የሚያብረቀርቅ ከሆነ ደህና ነው። አመድማ ሆኖ ከደበዘዘ ብዙ ተጫውቷል፣ ያውም በመጥፎ መርፌ። ቀጥሎ መሐሉ ላይ ያለውን ቀዳዳ አያለሁ። በዙሪያው ወረቀቱ ላይ እንደ ሸረሪት ድር ቀጫጭን ጭረት ከበዛ፣ ሰውየው በጨለማ ሲያስቀምጥና ሲያነሳ የኖረ ነው። ዓይን አፋር ካልሆናችሁ ሻጩን «ትንሽ አሰማኝ» በሉት። የሸክላ ባዛር ላይ ብዙዎቹ ማጫወቻ አላቸው። ሁለት ቦታ ይበቃል። አንደኛው የመጀመሪያው ገጽ የመጀመሪያ ሃያ ሰከንድ፣ ያ የሰው ድምፅ። ሁለተኛው የሁለተኛው ገጽ የመጨረሻ ዘፈን። ከፊቱ ከስምንት ደቂቃ በላይ የሚያገሣ ዘፈን አለ፣ ጊታሩ የስኮትላንድን ባግፓይፕ፣ ያንን ከረጢት ያለው የትንፋሽ መሣሪያ፣ ሊመስል የሚጥርበት። ከሱ በኋላ የሚመጣው ግን ማታ እሳት ዳር የመቀመጥ ያህል ለስላሳ ነው። ሸክላው ከተጎዳ እዚያ ላይ እንደሚታመስ ቆሎ ይንጣጣል። ሁለቱ ቦታ ካለፈ፣ መሐሉን አትጨነቁበት።

ወልገድገድ ያለውን፣ ሲሽከረከር እንደ ጀልባ የሚወዛወዘውን፣ በነፃ ቢሰጧችሁም ተዉት። መጽሐፍ ደርድሬ አቃናዋለሁ የሚል ዘመድ አለኝ። ሁለት ዓመት ሆነው፣ ሸክላው አሁንም እንደተጣመመ ነው፣ መጽሐፎቹም አብረው ተጣመዋል።

ሁለተኛውን ቅጂ ባዛር ላይ አገኘሁት። ሻጩ 15 አለ፣ እኔ 9 አልኩ፣ 11 ላይ ተጨባበጥን። ጀርባው ላይ ሲኤችአር 1132 የሚል ቁጥር አለ፣ የአሳታሚው የክራይሳሊስ ኩባንያ ቁጥር ነው። እስከ ዛሬ የምሰማው እሱን ነው። የሚቀረኝ ትንሽ መንጣጣት አለ፣ እሱንም ለምጄዋለሁ።

አሁን የሌስተሩ ወዳጄ የሚያኮርፍበት ክፍል መጣ። ማጫወቻ ከሌላችሁ የ11 ፓውንዱ ሸክላ 11 ፓውንድ አይደለም። እኔ አሮጌ ማጫወቻ በ40 ገዛሁ። በወሩ አንደርሰን እንቅልፍ እንደያዘው ሰው መዝፈን ጀመረ። ዋሽንቱ ይንቀጠቀጣል፣ ድምፁ ይጎተታል። ሸክላው ነው ብዬ ልመልሰው ስል አንድ ሽማግሌ ወዳጄ «ሌላ ሸክላ አድርገህ ሞክር እስቲ» አሉኝ። ሌላውም እንቅልፍ ይዞታል። ለካ የሚያሽከረክረው ላስቲክ ላልቶ ነው። ጥገና ቤት ወሰድኩት፣ 35 ፓውንድ ተባልኩ። ላስቲኩን ብቻ በ6 ፓውንድ አዝዤ ክዳኑን አንስቼ ራሴ ቀየርኩት፣ አሥር ደቂቃ አልፈጀም። በዚያው መርፌውንም በ28 ቀየርኩ። ይህቺን ወጪ አትዝለሉ። አሮጌ ማጫወቻ ላይ ያለ መርፌ ስንት ዓመት እንዳገለገለ ሻጩም አያውቅም፣ ንጹሕ ሸክላችሁን በአንድ ወር የ3 ፓውንዱን ያስመስለዋል። ስለዚህ ደምሩት፦ 40፣ 6፣ 28፣ 11። 85 ፓውንድ። ያውም ድምፅ ማጉያው ቤት ካለ ነው።

እዚህ ላይ «ታዲያ አዲሱን ሸክላ ብገዛስ?» የሚል ይመጣል። የ2017ቱን ማለቱ ነው። እኔ በ22 ገዝቼው ነበር። ጠፍጣፋ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ አይንጣጣም። ግን አንድ ነገር እወቁ፦ ሙዚቃው ያው አይደለም። ስቲቨን ዊልሰን፣ ፖርኪዩፓይን ትሪ የሚባለው የእንግሊዝ ሮክ ባንድ መሪ፣ እንደገና ቀላቅሎታል። ልዩነቱን ለእናቴ ያስረዳሁት በወጥ ነው። የ2003ቱ ሲዲ ያደረገው የተሠራውን ወጥ አሙቆ ጨው ማስተካከል ነው። ዊልሰን ግን ሽንኩርቱንም፣ በርበሬውንም፣ ሥጋውንም ለየብቻ ተቀብሎ ከድስቱ ጀምሮ እንደገና ሠራው። እያንዳንዱ መሣሪያ ለየብቻ የተቀዳበትን ቴፕ ይዞ ማለት ነው።

መልካም ሠርቷል። የባንዱ ቤዝ ተጫዋች የጆን ግላስኮክ ቤዝ በአሮጌው ከበሮው ሥር የሚደበቅበት ቦታ ነበር፣ አሁን ቁልጭ ብሎ ይሰማል። ኦርጋኑና ጊታሩም አይጋፉም። ለመማር ለሚሰማ ሰው፣ በተለይ መሣሪያ ለሚጫወት፣ ይህኛው ይሻላል እላለሁ። ለኔ ግን በዝቶበታል። እነዚያ የተደራረቡ ድምፆች በአሮጌው አንድ ላይ የሚዘምር ሕዝብ ናቸው፣ በአዲሱ ደግሞ በሰልፍ የቆመ ሕዝብ። ሁለተኛውን ዘፈን ብታዩት ሁሉንም መሣሪያ የተጫወተው አንደርሰን ብቻውን ነው፣ በአሮጌው ግን አምስት ሰው ይመስለኛል። መምሰሉን ነው የምወደው። አዲሱን ሸክላ ለእህቴ ልጅ በልደቷ ሰጠኋት። «አጎቴ፣ ይሄ የሐምሌ ዝናብ ሽታ አለው» አለችኝ። ከዊልሰን ጋር ያለኝን ጠብ አልነገርኳትም።

ጥራዙ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። እውነቱን ለመናገር ቆንጆ ነው። ጠንካራ ሽፋን ያለው፣ 96 ገጽ መጽሐፍ ያለው፣ በውስጡ የዊልሰን ቅልቅል፣ በ1977 አሜሪካ ውስጥ የተጫወቱት መድረክ በሁለት ሲዲ፣ በዲቪዲ ደግሞ ሜሪላንድ ውስጥ ላንዶቨር ላይ የተቀረጸው ኮንሰርት። በ45 ፓውንድ ገዛሁት። ስንት ጊዜ ከፈትኩት? መጽሐፉን አንዴ ጨርሼ አነበብኩት። ኮንሰርቱን ሁለቴ አየሁት፣ ያውም ዲቪዲ ማጫወቻ ለመዋስ ጎረቤት ሄጄ። ለወዳጄ የጠየቅኩት ይህንኑ ነው፣ «ቤትህ ዲቪዲ ማጫወቻ አለ?» ዝም አለ። የለም ማለት ነው። እንግዲያው ከአምስቱ ዲስክ ለሁለቱ የከፈልከው ለጌጥ ነው።

አሮጌ ጥራዝ የምትገዙ ከሆነ ከመክፈላችሁ በፊት አምስቱንም ዲስክ ቁጠሩ። የማውቀው አንድ ልጅ በኢንተርኔት 30 ፓውንድ ከፍሎ አራት ዲስክ መጣለት። ሻጩን ሲጠይቀው ያገኘው መልስ «ፎቶው ላይ የሚታየው ነው የተሸጠው» የሚል ነው። ፎቶውን ሲያጎላው እውነትም አራት ነው።

የቀረው የ2003ቱ ሲዲ ነው። እሱን መናቅ አልችልም። በ4 ፓውንድ ይገኛል፣ ድምፁ ደህና ነው፣ ሁለት ጭማሪ ዘፈን አለው። አንዱ «ቤልቴን» ነው፣ ለምን ከአልበሙ እንደቀረ እስከ ዛሬ አልገባኝም። መኪናችሁ ሲዲ የሚያጫውት ከሆነና ሸክላ ለማጠብ ትዕግሥት ከሌላችሁ ይህን ግዙና አርፋችሁ ተቀመጡ። ከአሮጌው ሸክላ ቀጥሎ የኔ ምርጫ ይህ ነው፣ ከጥራዙም ከአዲሱ ሸክላም በፊት።

ፌኩን ግን ተጠንቀቁ። እኔ ተበልቻለሁ። «አዲስ፣ ያልተከፈተ» ተብሎ በ9 ፓውንድ የመጣልኝ ሲዲ ሽፋኑ ደብዝዟል፣ የጫካው አረንጓዴ ወደ ቡኒ ሄዷል፣ ትንንሾቹ ፊደላት በውኃ እንደራሰ ጋዜጣ ተላቀዋል። ገልብጬ ሳየው ሆዱ ሰማያዊ ነው። በፋብሪካ የታተመ ሲዲ ሆዱ ብርማ ነው። ሰማያዊ ወይም ወይን ጠጅ ከሆነ አንዱ ሰው ኮምፒውተሩ ላይ ያቃጠለው ነው። ሌላው ምልክት ቀዳዳው አጠገብ ያለው ቀጭን ቀለበት ነው። እዚያ ላይ የታተመ ቁጥርና ጥቃቅን ጽሑፍ መኖር አለበት። የኔው ባዶ ነበር። ገንዘቤን ለማስመለስ ሦስት ሳምንት ተጻጻፍኩ፣ የመላኪያውን 3 ፓውንድ ከኪሴ አወጣሁ። ከ4 ፓውንዱ አሮጌ ሲዲ ሸሽቼ ማለት ነው፣ «ያልተከፈተ» የምትለዋ ቃል አማልላኝ።

ለሌስተሩ ወዳጄ በመጨረሻ የነገርኩት ይህ ነው። ማጫወቻ የለህም፣ ስለዚህ በ4 ፓውንድ ሲዲውን ግዛ። ክረምቱን ስማው። ያቺ የክረምት ደወል ዘፈን ስትደርስ ከነልጆችህ በጭብጨባ ለመከተል ሞክሩ፣ ምቷ ሰባት ስለሆነች ትስታላችሁ፣ ትስቃላችሁ። ከዚያም በኋላ ካልወጣልህ ና፣ አብረን ባዛር እንሂድ፣ መርፌና ላስቲክ በኔ ይሁን። «ጥራዙስ?» አለኝ አሁንም። የኔን በ40 እሸጥልሃለሁ አልኩት። አምስቱም ዲስክ አለ፣ ቆጥሬዋለሁ።

ያቺ የ3 ፓውንዷን ደግሞ አልጣልኳትም። የሽፋኗ ጀርባ ላይ የተቆረጠ የዛፍ ጉቶ አለ፣ እንደ ሸክላ ሆኖ መርፌ ተቀምጦበታል። ኩሽና ግድግዳ ላይ በጀርባዋ ሰቅያታለሁ።