ድሬ ላይ የአፈር ምርመራና የሴትልመንት ሞዴል ያሠራንበት ቢሮ፦ ላቦራቶሪው አንደኛ፣ ሞዴሉ ላይ ግን ዓይናችሁን ጣሉ

ስሙን እዚህ አልጠራም። ከዚራ አካባቢ ያለ አነስተኛ ቢሮ ነው። ሐረማያ በኩል ለምንሠራው ጂ ፕላስ ፎር የአፈር ምርመራውንም የሴትልመንት ስሌቱንም (ሕንፃው ምን ያህል፣ በስንት ጊዜ እንደሚሰምጥ) የሰጠነው ለእነሱ ነው።

ላቦራቶሪያቸውን ወድጄዋለሁ። ኦዶሜትር (አፈሩን እየጫኑ መስመጡን የሚለኩበት መሣሪያ) ላይ እያንዳንዱን ጭነት 24 ሰዓት ሙሉ ይተዉታል፣ ከዚያ እጥፍ ይጭናሉ። ሰዓት መስረቅ የለም። የንባብ ወረቀቱን ከነእርሳስ ጽሑፉ ፎቶ አንስተው በቴሌግራም ላኩልኝ፤ ይሄን የሚያደርግ ቢሮ ብዙ አላየሁም።

ጣጣው ኮምፒውተሩ ላይ ነው። ሪፖርቱ ቀይና ሰማያዊ በሆነ የፋይናይት ኤለመንት (አፈሩን በትንንሽ ቁራጭ ከፋፍሎ የሚያሰላ ዘዴ) ሥዕል ተሞልቷል፣ የሕንፃው ባለቤት አይቶ ተደንቋል። ውሃው በየት በኩል እንደሚወጣ የሚናገር አንድ መስመር ግን የለም። ክሌይ (ሸክላ አፈር) ሲጫን ቀስ እያለ የሚሰምጠው በውስጡ ያለው ውሃ እየተጨመቀ ስለሚወጣ ነው፣ ስለዚህ ጊዜውን የሚወስነው መውጫው ነው። የእኛ ክሌይ 4 ሜትር ነው፣ የኮንሶሊዴሽን ኮፊሸንቱ (ሲቪ የምንለው፣ ውሃው ወጥቶ አፈሩ በምን ፍጥነት እንደሚሰምጥ የሚናገር ቁጥር) በዓመት 1 ካሬ ሜትር ገደማ። ከላይም ከታችም ከወጣ 90 በመቶው ሴትልመንት በ3.4 ዓመት ያልቃል። ከላይ ብቻ ከሆነ 13.6 ዓመት! የውሃው መንገድ እጥፍ ሲሆን ጊዜው አራት እጥፍ ይሆናላ። እነሱ ሞዴሉ ውስጥ ከታችም ይወጣል ብለው ሞልተውታል፣ የራሳቸው ቦርሆል (የምርመራ ጉድጓድ) ደግሞ ከክሌዩ ሥር ድፍን አለት ያሳያል።

ይሄን ለመያዝ ውድ ሶፍትዌር አያስፈልግም፣ ኤክሴል ይበቃል። የቴርዛጊን የኮንሶሊዴሽን እኩልታ በፋይናይት ዲፈረንስ (ጥልቀቱንም ጊዜውንም በትንንሽ ደረጃ እየከፈሉ በማስላት)፣ ክሌዩን በየግማሽ ሜትሩ ከፍላችሁ ሥሩት። ታይም ስቴፑ (ስሌቱ በአንዴ የሚራመደው ጊዜ) ብቻ ከ45 ቀን አይለፍ፤ ሲቪን በስቴፑ አባዝታችሁ ለክፍልፋዩ ካሬ ስታካፍሉ ከ0.5 ከበለጠ ቁጥሩ ያብዳል፣ ፖር ፕሬዠሩ (በአፈሩ ውስጥ ያለው የውሃ ግፊት) አንዴ ፕላስ አንዴ ማይነስ እያለ ይዘላል።

ፋይናይት ኤለመንት ላይ ደግሞ ነገሩ ተገልብጦ ቁጭ ይላል። እዚያ የሚያስቸግረው መጀመሪያ ላይ በጣም ያነሰ ስቴፕ ነው። ቬርሜርና ቬርሩይት የተባሉ ተመራማሪዎች በ1981 (በፈረንጆች) ዝቅተኛውን ገደብ አሳይተዋል፣ በእነሱ ቀመር ለግማሽ ሜትር ኤለመንት 15 ቀን አካባቢ ይመጣል። የቢሮው ልጅ በአንድ ቀን ስቴፕ ጀምሮ፣ ላይኛው ጫፍ አጠገብ ከተጫነው ጭነት የበለጠ ፖር ፕሬዠር ወጥቶለት፣ እንዳለ አትሞታል። አንድም ሰው አላየውም።

ሰዎቹ ግን አይኮሩም። ደውዬ ስነግራቸው «እስቲ ኤክሴሉን ላክልን» አሉ፣ ሳይከራከሩ ደግመው ሠሩት፣ አምስት ሳንቲም አልጨመሩም።

ደቻቱ ወንዝ ዳር አሸዋና ጠጠር ላይ የምትሠሩ ከሆነ ለኮንሶሊዴሽን ሞዴል ብር አታውጡ። አሸዋ ውሃውን ወዲያው ይለቃል፣ ሴትልመንቱም ግንባታው ላይ እያላችሁ ያልቃል፤ እዚያ የሚያሳስበው ጎርፉ ነው፣ የ1998ቱን ያየ ያውቀዋል። ክሌይ ካላችሁ ግን የላቦራቶሪ ምርመራውን እዚሁ አሠሩ፣ ሞዴሉን ከመረከባችሁ በፊት የውሃውን መውጫና የመጀመሪያውን ታይም ስቴፕ በጽሑፍ ጠይቁ። ስትሄዱ ደግሞ ጠዋት ሂዱ፣ ከምሳ በኋላ በዚያ ሙቀት ድሬ ላይ ቢሮ ውስጥ ሰው አታገኙም።