ለአርባ ምንጩ መካኒካችን እግዜር ይስጥልን

ደቡብ ኦሞ መኪና የምታመላልሱ ሁሉ ይቺን አንብቡልኝ። አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ውስጥ አንድ ልጅ አለ። ስሜን እንዳትጽፊ ብሎ ለምኖኛል፣ በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ግን ስልኩን እሰጣለሁ።

የኛ ላንድ ክሩዘር እንግዳ ይዞ ቱርሚ ይመላለሳል። ቱርሚ አጠገብ ያለውን ካስኬ ወንዝ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፣ የሚያዝያ ዝናብ ሲጥል ደግሞ ድንገት ይሞላል። ከዚያ በተመለሰ ቁጥር መኪናው ፍሪሲዮን ይበላ ጀመር። የኮንሶ ዳገት ላይ ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናው ንቅንቅ አይልም፣ የሚቃጠል ነገር ይሸታል።

አዲስ አበባ ያላንኳኳሁት ጋራዥ የለም ማለት ይቻላል። አንዱ ሙሉ ፍሪሲዮን ቀይሮ ብሬን ተቀበለ፣ አንድ ዝናብ አላለፈም። ሌላው ካምቢዮው ይውረድ አለ። ሌላው ደግሞ ቀና ብሎ እንኳ ሳያይ፣ ስልኩን እየነካካ፣ «ሾፌርሽ ነው፣ እግሩን ፍሪሲዮን ላይ አሳርፎ ነው የሚነዳው» አለኝ። ሾፌራችን ትልቅ ሰው ናቸው፣ እኔ ሳልወለድ ጀምረው የነዱ። ምንም አልመለሱም፣ ዝም ብለው ወደ ውጭ ወጡ። እስካሁን ያንገበግበኛል።

የሲቀላው ልጅ ከወሬ በፊት ካርቶን አንጥፎ ከስር ገባ። ትንሽ ቆይቶ «ጋሼ፣ እስቲ ይምጡ» ብሎ ጠራቸው። ፍሪሲዮኑን የሚገፋው ብረት የሚገባበትን ቀዳዳ የሚሸፍነው ጎማ ተቀዷል። እነዚያ ፍሪሲዮን የቀየሩት ሰዎች የተቀደደውን መልሰው አስረውታል! ከታች ውሃው የሚወጣበት ቀዳዳ ደግሞ በጭቃ ተደፍኗል። በሽቦ ሲወጋው ድፍርስ ውሃ ተንዠቀዠቀ። ደለሉን በሁለት ጣቱ እያሸ «የፍሪሲዮኑን ዲስክ የሚበላው ይሄ አሸዋ ነው። ጋሼ፣ የእርስዎ እጅ የለበትም» አላቸው። እኔ ፊት፣ ጮክ ብሎ። ልጄ፣ እድሜ ይስጥህ!

ጎማውንና ዲስኩን ቀየረ፣ ቅባቱ በውሃ ታጥቦ ሲጮህ የነበረውን ኩሽኔታም እንዲሁ። ሌላውም ይቀየር ስለው «ገና ይሰራል፣ ብርሽን ያዢ» አለኝ። እንዲህ የሚል መካኒክ ካገኛችሁ አትልቀቁት።

ብዙ አስረዳኝ፣ ግማሹ አልገባኝም። የገባኝን ልንገራችሁ፦ ከባዱን፣ ጉልበታሙን ማርሽ ወንዙ ዳር ሆናችሁ አስገቡ፣ በዚያው ቀስ እያላችሁ ተሻገሩ፣ መሃል ላይ ፍሪሲዮን አትርገጡ። ሲረገጥ ዲስኩ ይላቀቃል፣ ውሃና ደለሉ መሃሉ ይገባል። ከወንዝ እንደወጣ አቁማችሁም አትደሩ፣ ዲስኩ ዝጎ ይጣበቃል።

እባካችሁ እሱ ጋ ሂዱ። መኪናችሁ ደህና ቢሆንም ያችን ጎማ ያይላችሁ። እሁድ ብቻ አትሂዱ፣ አታገኙትም።